ህንድንና ፓኪስታንን ያስታረቀው ድንጋይ

ታላላቅ መንግሥታት ስንት ጉባኤ ጠርተው፣ ስንት ቀይ ምንጣፍ አንጥፈው ያቃታቸውን የህንድንና የፓኪስታንን ጠብ የፈታችው የኛ ከተማ ደባርቅ ናት። ዓለም ይህን አላወቀልንም። አንቀየምም፤ ዓለም ብዙ ነገር አያውቅም፤ መብራታችን መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ እንኳ አያውቅም። ደግሞም ለዝና ብለን የሠራነው አይደለም። ለሰላም ብለን ነው። ለሰላም ብለን ለመሥራታችን በፍሬም የገባ፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት አለን።

ታሪኩን እኔ የምጽፈው አስተርጓሚዋ እኔ ስለነበርኩ ነው። ስሜ ትሕትና ይባላል። ስሙን ያወጡልኝ በሰማንያ ቀኔ ያጠመቁኝ ቄስ ናቸው፤ ገና አልተናገርኩም ነበርና አይፈረድባቸውም። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ ቻርጅ የማደርግባት፣ ፊልም በፍላሽ የምጭንባት አንዲት ሱቅ አለችኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሳይተረጎም የመጣውን የህንድ ድራማ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ በዚህ መንገድ ሂንዲ ተማርኩ። እርግጥ የተማርኩት የአማትና የምራት ሂንዲ ነው። ዶክተር ጉርዲፕ መጀመሪያ ሱቄ መጥቶ ስልኩን ቻርጅ እንዳደርግለት ሲጠይቀኝ፣ መብራት የለም ልለው ፈልጌ ከአፌ የወጣው «ከዚህ ቤት ብርሃን የጠፋው አንተ ጥለኸን የሄድክ ዕለት ነው» የሚል ነበር። ሰውየው ጠረጴዛዬን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን።

ዶክተር ጉርዲፕ ህንዳዊ ነው፤ ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምራል። ራሱ ላይ የሚጠመጥመው የሃይማኖቱ ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ በገበያ ሲያልፍ የኛ ባልቴቶች መንገድ ለቀው «ይፍቱኝ አባቴ» ይሉታል። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ይፈታሉ፤ ማን አየ?

ኢንጂነር ናዲም ደግሞ ፓኪስታናዊ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሁለቱም የወይዘሮ የሺወርቅን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ አንድ ምድጃ ላይ አንድ ድስት ጥደው ይኖራሉ። ወይዘሮ የሺወርቅ ተከራዮቿን ስታነሣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «ዶክተሩ ሥጋ አይል፣ እንቁላል አይል፣ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው። ያኛው ደግሞ የጾማቸው ወር ሲገባ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ በአፉ አይዞርም። እኛ ነን እንግዲህ ደረታችንን ነፍተን ጾመኛ ነን የምንል!»

የጉርዲፕ ከተማና የናዲም ከተማ በመኪና ብዙ አይራራቁም፤ ከደባርቅ ዳባት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነገር ግን መሀላቸው ድንበር አለ። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ለመተዋወቅ ባሕር ተሻግረው፣ ሰሜን ተራራ ግርጌ መጥተው፣ አንድ ጠባብ ግቢ መከራየት ነበረባቸው። የጉርዲፕ አያት የተወለዱት ዛሬ ፓኪስታን በተባለው በኩል ነው፤ የናዲም አያት ደግሞ ዛሬ ህንድ በቀረው በኩል። አገሩ ሲከፈል አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሸሹ።

«መንገድ ላይ ሳይተላለፉ አይቀሩም» አለኝ ናዲም አንድ ቀን።

«ሰላምም ሳይባባሉ?»

«ሩጫ ላይ ነበሩ።»

ስለ ፖለቲካቸው ስጠይቃቸው ጉርዲፕ እንዲህ አለ፦ «እኛ አገር ምርጫ ሲቃረብ ሽንኩርት ይወደዳል። ሕዝቡ ስለ ሽንኩርቱ ሲጠይቅ ፖለቲከኛው ስለ ድንበሩ ይመልሳል። ምርጫው ሲያልፍ ድንበሩም በቦታው ነው፣ ሽንኩርቱም በዋጋው ነው።»

«እኛ ጋ ይሻላል» አለ ናዲም። «ስለ ሽንኩርት የጠየቀ የህንድ ሰላይ ስለሚባል ማንም አይጠይቅም።»

እኔም በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ሁለቱም በትሕትና አዩኝ። ማለቴ ስሜን አይደለም፤ ጠባዩን።

ስለ ክሪኬትም የነገሩኝ እነሱ ናቸው። የሁለቱ አገር ቡድኖች አንዱ ባንዱ አገር ሄዶ አይጫወትም፤ ፖለቲካው አይፈቅድም። ሲጋጠሙ ሦስተኛ አገር ሄደው፣ በሰው ሜዳ ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቃል ገብቶኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔና መልከ ጼዴቅም የምንገናኘው በሰው ሜዳ ነበር።

መልከ ጼዴቅ የዳባት ልጅ ነው፤ የከብት ሐኪም። የሱ አባት አቶ ሰይፈ ሥላሴ ይባላሉ። የኔ አባት አቶ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። በሁለቱ ሰዎች መካከል፣ ልክ የሁለቱ ወረዳ ወሰን ላይ፣ አንዲት የግጦሽ መስክ አለች፤ ሦስት ላም ቢያሰማሩባት ሦስተኛዋ ጾሟን የምታድርባት። በዚህች መስክ አያቶቻችን ተካሰሱ፤ አባቶቻችን ክሱን ወረሱ፤ መስኳን የወረሳት ግን የለም። አባቴና አቶ ሰይፈ ሥላሴ ከተኮራረፉ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ለቅሶ ላይ እንኳ ሲገናኙ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ነው የሚያለቅሱት።

ስለዚህ እኛ ልጆቹ የምንገናኘው ከዳባት አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነበር፤ እሱ የታመመ በግ ሊያይ፣ እኔ ሽምብራ ልገዛ። በግ መታመሙ አልቀረም፤ ቤታችንም በሽምብራ ተሞላ። እናቴ ጆንያዎቹን እያየች «ልጄ፣ ሽሮ ልትነግጂ አስበሻል?» ትለኝ ነበር፤ ያወቀች አውቃለች።

መልከ ጼዴቅ የንስሐ አባቱን ይዞ ሽማግሌ ቢልክ አባቴ መለሷቸው። «መጀመሪያ መስኬን ይመልሱ፤ ከዚያ ስለ ልጄ ይጠይቁ።» አቶ ሰይፈ ሥላሴም የልጃቸውን ድፍረት ሲሰሙ «ከዚያ ቤት ምራት ከምትገባልኝ የላሜ ጡት ይንጠፍ» አሉ። በዚህ መሀል መልከ ጼዴቅ ወደ በየዳ ተዛወረ ተባለ። በየዳ የሄደ ላጤ ወይ እዚያው ያገባል፣ ወይ እዚያው ይረሳል። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር፤ ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም፣ ጾሙ ሳይፈታ ደግሞ እሱ የለም። ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በእውነት አደጋ ላይ የነበረው ነገር ይህ ብቻ ነው። የተቀረው ዲፕሎማሲ ነው።

እንግዲህ የህንድና የፓኪስታን ግጥሚያ ቀን ጉርዲፕና ናዲም ከደብሪቱ ሻይ ቤት ገብተው፣ አንድ ስልክ ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ያያሉ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። አንድ የህንድ ተጫዋች ከሰማይ የወረደ ኳስ እጁ ከገባ በኋላ ጣለው። ጉርዲፕ ዘሎ ተነሣ፤ ብርጭቆው ወደቀ፤ ናዲም ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ጮኹ።

«ኧረ ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ ደብሪቱ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች።

«እጅህ ይሰበር እያለ ነው…»

ተራጋሚው ህንዳዊ፣ የተረገመው ተጫዋችም ህንዳዊ መሆኑን፣ ፓኪስታናዊው ደግሞ «ተው ወንድሜ፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል» እያለ የሚያጽናና መሆኑን ልነግራት አፌን ስከፍት ደብሪቱ መንገድ ላይ ነበረች። «ኡ ኡ! የህንድና የፓኪስታን ሰዎች ተያያዙ! ገላጋይ የላችሁም ወይ?»

አቶ ዘመነ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ ስሙ በየዓመቱ ስለሚቀየር እሱ ራሱም እርግጠኛ አይደለም። ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ ሁለቱ ሰዎች አዲስ ሻይ አዝዘው ነበር።

«አቶ ዘመነ፣ ጓደኛሞች እኮ ናቸው» አልኩት። «ጨዋታ ነው የሚያዩት።»

«አንቺ የምታዪው ላዩን ነው፣ ትሕትና። ጽሕፈት ቤታችን የሚያየው ሥር የሰደደውን ነው።»

«ባንድ ድስት ነው የሚበሉት።»

«ባንድ ድስት መብላታቸው የሚበረታታ ጅምር ነው። ነገር ግን በተቋም ደረጃ መታቀፍ አለበት።»

በዚያው ሳምንት የሚመለከታቸው አካላት በቅንጅት ተንቀሳቀሱ፣ አቅጣጫም ተቀመጠ፦ ህንድና ፓኪስታን በአገር ወግ፣ በሽማግሌ ይታረቁ። ጠቡ የጎረቤታሞች ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ከጎረቤታም ወረዳዎች ይመረጡ ተባለ። ከደባርቅ በኩል የተከበሩት አቶ ሀብተ ሚካኤል ተመረጡ። ከዳባት በኩል የተከበሩት አቶ ሰይፈ ሥላሴ። በዚህም ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች፣ ቀንና ማታ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎችን እንዲያስታርቁ ታላቅ አደራ ተጣለባቸው።

ሁለቱም እምቢ አላሉም። አባቴ እምቢ ቢሉ ክብሩ ለዳባት ሊቀር ነው፤ አቶ ሰይፈ ሥላሴ እምቢ ቢሉ ለደባርቅ።

ለዝግጅት ሲሰበሰቡ ማስረዳት የኔ ድርሻ ነበር። አባቴ ገና ሳይቀመጡ «እኔ ከህንድ ጋር ነኝ» አሉ። «ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረኝ ህንድ ነበር፤ እስካሁን የማባዛው በሱ ነው።»

አቶ ሰይፈ ሥላሴ ወደ አቶ ዘመነ ዞሩ። «እንግዲያው እኔ ፓኪስታን ነኝ።»

«ስለ ፓኪስታን የሚያውቁት ነገር አለ፣ አባቴ?» አላቸው አቶ ዘመነ።

«ያ ሰውዬ የህንድ መሆኑ አይበቃኝም?»

በሁለቱ መካከል የሚተላለፈው ቃል ሁሉ በአቶ ዘመነ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «ዘመነ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ» ይባባላሉ። እኔ ግራ ቀኙን ትቼ ክሪኬትን ማስረዳት ቀጠልኩ።

«ለመሆኑ ጨዋታው ምን ያህል ይፈጃል?» አሉ አባቴ።

«አንዳንዱ አምስት ቀን ይሄዳል፣ አባዬ።»

«አምስት ቀን!»

«መሀል ላይ ለምሳ ይቋረጣል። ለሻይም ይቋረጣል። ዝናብ ከመጣም ይበተናሉ።»

«አምስቱ ቀን ሲያልቅስ ማን ያሸንፋል?»

«ብዙ ጊዜ ማንም።»

አቶ ሰይፈ ሥላሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ገጭ አደረጉ። «ዘመነ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የኛ የመስክ ክስ ነው።»

አባቴ ሳቁ። አቶ ሰይፈ ሥላሴም ሳቁ። ባንድ ነገር ላይ ባንድ ላይ መሳቃቸውን ባወቁ ጊዜ ሁለቱም ደንግጠው ሳል ጀመሩ። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

የዕርቁ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከዳባት በሚኒባስ ሰው መጣ፤ ያረጁ ባልቴቶች ሳይቀሩ ጥምጥማሙን አባት ሊያዩ መጡ። መድረኩ ላይ ለአስተርጓሚ ሁለት ወንበር ነበር።

«ሁለተኛዋ አስተርጓሚ ማን ናት?» አልኩ።

«አንቺው ነሽ» አለ አቶ ዘመነ። «ለህንድ ስትተረጉሚ ቀኙ ላይ፣ ለፓኪስታን ስትተረጉሚ ግራው ላይ ትቀመጫለሽ። ገለልተኝነት ያስፈልጋል።»

«ቋንቋው እኮ ስሙ ነው ሁለት። ሲነገር ይግባባሉ።»

«በፍጹም። ሁለት ሉዓላዊ አገር ባንድ ወንበር አይስተናገድም።»

እናም ቀኙ ላይ ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር በሂንዲ እላለሁ፤ ተነሥቼ ግራው ላይ ተቀምጬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በኡርዱ እላለሁ፤ ማለትም ያንኑ ዓረፍተ ነገር እላለሁ። ጉርዲፕና ናዲም ሁለቴ ይሰማሉ፤ ሁለቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጊዜ ደክሞኝ ሳልነሣ ብተረጉም አቶ ዘመነ ከኋላዬ «ትሕትና! ድንበር ጥሰሻል» አለኝ።

አባቴ ተነሥተው ተናገሩ። «ልጆቼ፣ ወሰን የሰው ነው፤ ሣሩ የእግዚአብሔር ነው። የጎረቤት ልጅ ልጅህ ነው። በኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ የቆመን ሰው ከመለስክ፣ አንተንም ሰማይ ይመልስሃል!»

ጉርዲፕ ወደኔ ጠጋ ብሎ «አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው» አለኝ።

«ስለ ህንድ ሲናገሩ፣ አዎ» አልኩት።

አቶ ሰይፈ ሥላሴም ሊበለጡ አልወደዱም። «ለአንድ ጋት መሬት ብሎ ከወንድሙ የተኮራረፈ፣ አፈር ሲገባ ስንት ጋት ሊወስድ ነው?» አሉ። ከሁለቱም ወረዳ የመጣው ሰው መሬት መሬቱን አየ። ተናጋሪዎቹ ብቻ ቀና እንዳሉ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥርዓት ቀረበ። እንደሚታወቀው በኛ ዘንድ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ «ማረኝ» ይላል፤ ተበዳይም ድንጋዩን አውርዶለት ይስመዋል። አቶ ዘመነ እጁን ሲያጨበጭብ አንድ የከበደ፣ ረዘም ያለ፣ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ድንጋይ በአራት ሰው ገባ።

«በዳዩ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ናዲም።

«እናንተ ታውቃላችሁ።»

«ግጥሚያውን ያሸነፍነው እኛ ነን፤ እኔ ልሸከም» አለ ናዲም።

«ኳሱን የጣለው የኔ ሰው ነው፤ እኔ ልሸከም» አለ ጉርዲፕ።

ከተጣሉ እንግዲህ የተጣሉት በዚህ ነው። በመጨረሻ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይዘው ባንድነት ጫንቃቸው ላይ አወጡት። ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። አቶ ሰይፈ ሥላሴ ግን ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ ድንጋዩ ተጠጉ።

«ቆዩማ። ይህ ድንጋይ ከየት ነው የመጣው?»

«ገለልተኛ እንዲሆን ብለን» አለ አቶ ዘመነ በኩራት፣ «ከሁለቱ ወረዳ ወሰን ላይ፣ ከአንዲት መስክ መሀል ነቅለን ነው ያስመጣነው። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ቆሞ የተገኘ እሱ ብቻ ነው፤ ቅርጹም ያማረ ነው።»

«የወሰን ድንጋዬን ነቀላችሁት?» አሉ አቶ ሰይፈ ሥላሴ።

«የማን የወሰን ድንጋይ?» አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይህን ድንጋይ አባቴ ነው የተከለው!»

«አባትህ አይደለም ሌሊት ተነሥቶ ወደኛ የገፋው?»

«የገፋውማ ያንተ አባት ነው፤ ድንጋዩ አፍ ቢኖረው በመሰከረ!»

እንዲህ ሆኖ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ዝምታ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት፣ ያለ አስተርጓሚ ተነጋገሩ። መድረኩ ይህን ያህል ፍሬ ያፈራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አባቴን በቀኝ በር፣ አቶ ሰይፈ ሥላሴን በግራ በር እየጎተቱ አወጧቸው፤ ሰውም የየወረዳውን ሽማግሌ ተከትሎ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ እኔ፣ ሁለቱ ወንበሮቼ፣ ህንድና ፓኪስታን ቀረን። ድንጋዩን እንደተሸከሙ ናቸው።

«እናስቀምጠው ወይስ ሥርዓቱ አላለቀም?» አለ ጉርዲፕ እያላበው።

«አስቀምጡት፤ የሚያውቅ የለም።»

ምን እንደተፈጠረ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ስለ መስኳ ስፋት ስነግራቸው የበለጠ ሳቁ። ቀጥሎ ናዲም ሳቁን አቆመ።

«ይህችን መስክ አውቃታለሁ» አለ።

«እኔም አውቃታለሁ» አለ ጉርዲፕ። «የኛዋ ትንሽ ሰፋ ትላለች።»

ከዚያም ወደኔ ዞሮ «አንቺ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለኝ።

«አላለቀስኩም።»

«ሂንዲሽ ተበላሸ። ስታለቅሺ ሰዋስው ይጠፋሻል።»

ስለ መልከ ጼዴቅ ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይህን በሂንዲ ለመናገር ድራማዎቹ በቂ ሆነው አገኘኋቸው። ምንም ነገር አልለመንኳቸውም፤ እኔ ሰው አልለምንም። የሽማግሌ ሥርዓታችን እንዴት እንደሆነ፣ እሺ ሳይባሉ እንደማይቀመጡ፣ ድንጋይ የተሸከመ እንደማይመለስ፣ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ብቻ አስረዳኋቸው።

በማግሥቱ የአቶ ዘመነ ሪፖርት ወጣ፦ «የዕርቅ መድረኩ በታቀደው መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ከመድረኩ ጎን ለጎንም በአገር ሽማግሌዎች መካከል ሞቅ ያለ የልምድ ልውውጥ ተካሂዷል።» ለሁለቱ ሽማግሌዎች «ህንድንና ፓኪስታንን በማስታረቅ ላበረከቱት አስተዋፅኦ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠ። አባቴ የራሳቸውን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዝቅ አድርገው ሰቀሉት፤ ዝቅታው የጣት ስፋት ቢሆን ነው። ለውሃ የገባ እንግዳ ሁሉ ሳያነብ አይወጣም ነበር። አቶ ሰይፈ ሥላሴም እንዲሁ እንዳደረጉ ከዳባት ወሬ ደረሰን።

የእሑድ ቅዳሴ ወጥተን ቤት እንደገባን በራችን ተንኳኳ። ናዲም ኮት ለብሷል፤ ጉርዲፕ ነጭ ጥምጥሙን አሳምሮ ጠምጥሟል፤ ጫንቃቸው ላይ ያ ድንጋይ አለ። አባቴ ሲያዩት ዐይናቸው ድንጋዩ ላይ ቀረ።

«ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ፣ ባማርኛ። ማን አስተማራቸው አትበሉኝ። ባማርኛ የሚያውቁትም በዚሁ አለቀ።

«ትሕትና!» ብለው ተጣሩ አባቴ። ከጓዳ ብቅ ስል ነገሩ ገባቸው መሰለኝ። «ተመለሽ! ለልጅቱ ሽማግሌ መጥቶ ልጅቱ ብቅ ትላለች እንዴ?»

«ማን ሊተረጉምልህ ነው ታዲያ?» አለች እናቴ። «ጓዳ ሆና ትተርጉም።»

ስለዚህ ስለ ራሴ የቀረበውን ልመና ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ፣ ሽምብራ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተረጎምኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ወንበር በቃኝ።

ጉርዲፕ ብዙ ተናገረ። «ልጅቷ ጨዋ፣ ዐዋቂና ቁጥብ ናት ይላሉ» አልኩ።

«ይህን ያሉ አልመሰለኝም» አሉ አባቴ። «ያኛው ሳቀ።»

«በደስታ ነው፣ አባዬ። ልጅዎን ለአቶ ሰይፈ ሥላሴ ልጅ ለመልከ ጼዴቅ ይስጡልን ነው የሚሉት።»

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መስኬስ?»

«ስለ መስክ አልመጣንም ይላሉ።»

«ደግሞስ እናንተ ራሳችሁ ጠበኛ አገሮች ሆናችሁ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ለኔ ሽማግሌ የምትሆኑት?»

ይህን የመለሰው ናዲም ነው። ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ። «እርስዎ አስታርቀውናል። ግድግዳዎ ላይ ተጽፏል። ታርቀን ከሆነ የሁለት አገር ሽማግሌዎች ነን፣ ድንጋይም ተሸክመናል፣ እንዳይመልሱን። አልታረቅንም ካሉ ደግሞ ያንን ፍሬም እናውርደውና እንሂድ።»

በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ አባቴ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ቅዱስ ጊዮርጊስን አዩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶው ላይ ሥራ ይዞ ነበር።

«ለማውረጃ ጉጠት ላምጣ?» አለች እናቴ።

«አንቺ ዝም በይ!» አሉ። ቆይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰይፈ ሥላሴ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ስማቸውን ሲጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት «ያ ሰውዬ» ነበሩ።

«ትናንት ዳባት ሄደን ነበር» አለ ጉርዲፕ። «እሳቸውም ግድግዳቸውን ብዙ ካዩ በኋላ ነው እሺ ያሉን።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ክብር ከባድ ነገር ነው፤ ከድንጋይ ይከብዳል።

«በሉ እንግዲህ አውርዱት» አሉ። «ቁጭ በሉ።»

ይህን አልተረጎምኩትም። ግን ቁጭ አሉ።

ጾሙ ሳይገባ ተጋባን። ሠርጉ ላይ ሁለቱ አባቶች ባንድ ድንኳን ውስጥ ዋሉ፤ በርግጥ ጀርባ ለጀርባ። መልከ ጼዴቅ በየዳ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ድንበር የሌለበት ርቀት ርቀት አይባልም። ጉርዲፕና ናዲም ዛሬም ባንድ ድስት ይበላሉ፤ በጨዋታ ቀን ደብሪቱ ብርጭቆዋን በፕላስቲክ ኩባያ ትለውጣለች።

ድንጋዩ የሱቄ በር ላይ ነው። ስልኩ እስኪሞላ ደንበኛ ይቀመጥበታል፤ የደባርቅም ሰው፣ የዳባትም ሰው። አባቴ በመጡ ቁጥር «ወደ ቦታው ይመለስ» ይላሉ። አቶ ሰይፈ ሥላሴም በመጡ ቁጥር «ወደ ቦታው ይመለስ» ይላሉ። ቦታው የት እንደነበረ የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ባንድ ላይ ሄደው ካላሳዩ አይሆንም። ከብቶቹ ወሰን መጥፋቱን ካወቁ ወዲህ ባንድ ላይ ይግጣሉ።

ሰሞኑን አቶ ዘመነ ሱቄ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ትሕትና፣ ኮሪያኛ ትችያለሽ?»

«ድራማውን አያለሁ።»

«ተዘጋጂ እንግዲህ። ሰሜንና ደቡብ ኮሪያን ለማቀራረብ ዕቅድ ይዘናል። ይህንንም ድንጋይ ታውሺናለሽ።»

«መልካም ነው፣ አቶ ዘመነ። የመስኳስ ነገር?»

አቶ ዘመነ ግራ ቀኙን አየ፤ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱማ» አለኝ፣ «ከጽሕፈት ቤታችን አቅም በላይ ነው።»